የጂፓችን ቡሽና የሰው ፈረስ

ባሌ ክንዱን የተሰበረ ሰሞን ዳንግላ ውስጥ ያላዘነልኝ ሰው አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ "ያተረፈው ይመስገን" እያለ ይገባል፣ ይወጣል። እኔ ግን ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ ነበር የበረታብኝ። ወጌሻው ክንዱን በሸምበቆ አስሮለት ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ እንደተናደድኩ ነበርኩ። ለማንም አልተነፈስኩትም። ተሰብሮ የተኛን ባል መቆጣት ነውር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በንጉሡ ጊዜ ከዳንግላ እንጅባራ ሰው የምታመላልስ አንዲት አሮጌ ጂፕ ነበረችን። ከጦር ሠራዊት የወጣች፣ ከኋላዋ ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ የተመታላት፣ ሸራ የለበሰች መኪና ናት። በገበያ ቀን ሰውም፣ ዶሮም፣ ማርም ትጭናለች። ከእሷ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረንም። ከገና ወዲህ ታዲያ ከፊት በግራ በኩል መንኳኳት ጀመረች። ጉድጓድ ስትገባ ኳ ትላለች፤ ፍሬን ሲያዝ ወደ ግራ ትስባለች።

እኔ ከተጋባን ጀምሮ አጠገቡ ቆሜ መፍቻ ሳቀብል፣ ዘይት ስቀይር፣ ጎማ ስፈታ የኖርኩ ሰው ነኝ። ድምፁን እንደሰማሁ የምን እንደሆነ አወቅሁት። የመኪናዋን ክብደት የሚሸከመው ተነባብሮ የታሰረ ብረት፣ ባሌስትራ የምንለው፣ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘው በብሎን ነው። ብረትና ብረት እንዳይፋጩ መሀላቸው የጎማ ቀለበት ይገባል፤ ቡሽ ይባላል። ቡሹ ካለቀ ባሌስትራው ይላወሳል። ያን ጊዜ መሪውን የያዘው ሰው ወዲህ ቢል መኪናዋ ወዲያ ትላለች።

"ቡሹ አልቋል፤ ይቀይሩት እንጂ" አልኩት። በዕድሜ ይበልጠኝ ስለነበር እርስዎ ነበር የምለው።

"እሱን ለእኔ ተዪው።"

አዲሶቹ ቡሾች በአንድ የጭነት መኪና ሾፌር እጅ ከአዲስ አበባ መጡ። ከጥምቀት ጀምሮ ከነወረቀታቸው ሳጥን ውስጥ ተኙ። ጾሙ ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፤ ባነሳሁበት ቁጥር መልሱ ያው ነው፤ "ለእኔ ተዪው አላልኩሽም?" እንዲህ እያልን ሰኔ ገባ።

አደጋው የደረሰው ከአዲስ ቅዳም አለፍ ብሎ፣ ወደ እንጅባራ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ነው። መኪናዋ ከመንገድ ወጥታ ቦይ ውስጥ ተሰነቀረች። አንዲት ባልቴት ግንባራቸው ተፈነከተ፤ የሌሎቹ ተሳፋሪዎች ጉዳት ከመጋጋጥ አላለፈም፤ የባሌ ክንድ ተሰበረ። ባሌ ለመጣው ሰው ሁሉ "ፈረስ ዘሎ ገባብኝ፤ እሱን ስሸሽ ነው" አለ። ከኋላ የነበሩት ሸራ ስለጋረዳቸው ምንም አላዩም። የአካባቢው ጭቃ ሹም ነገሩ በሽማግሌ እስኪታይ ብሎ፣ በአቅራቢያው የተገኘውን ፈረስ ወስዶ ግቢው ውስጥ አሰረው።

እኔም አመንኩ። ንዴቴ ቡሹ በጊዜው ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ ፈረሱን ሸሽቶም መንገዱን አይለቅም ነበር በሚል ነው።

አንድ የጭነት መኪና ጂፓችንን ጎትቶ ግቢያችን አቆመልን። በሳምንቱ ባሌ ክንዱን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ "በይ ቡሹን አንቺው ቀይሪው፤ እኔ ተቀምጬ እመራሻለሁ" አለኝ።

"ከገበያው ማዶ ያለው መካኒክ ቢሠራው አይሻልም?"

"አንቺ እያለሽ? አንቺ ከማን ታንሺያለሽ?"

ሞኝ ነኝ፣ ደስ አለኝ። ነጠላዬን ወገቤ ላይ ሸብ አድርጌ ወጣሁ።

ግቢው በዝናብ ርሶ ጭቃ ነው። ክሪኩ እንዳይሰምጥ ከሥሩ ሳንቃ አነጠፍኩ፤ የኋላ እግሮቿን በድንጋይ ደገፍኩ፤ ከፊት አነሳኋት፣ ጎማውን ፈታሁ፣ የግንድ ጉራጅ ከአካሏ ሥር አስገብቼ አሳረፍኳት። ከዚያ ጆንያ ዘርግቼ በጀርባዬ ገባሁ። ባሌ በርጩማው ላይ ሆኖ ያዛል። "ወደ ቀኝ! ወደ ቀኝ ነው ያልኩሽ! ላምባ አፍስሺበት! ኧረ ቀስ፣ ብሎኑን ትቆርጪዋለሽ!" የዛገ ብሎን መልቀቅ ሲያቅተው ከሩቅ ሆኖ ማዘዝ እንዴት ቀላል ነው! ጭቃው በማጅራቴ ይገባል፣ ዝገቱ ዓይኔ ውስጥ ይረግፋል፣ እሱ ከላይ "ኧረ ተይ" ይለኛል። በአጥሩ ላይ ደግሞ አላፊ አግዳሚው ቆሞ "የሴት ወይዘሮ መኪና ሥር ተኝታ!" እያለ ይስቃል። ጎረቤቴ ብቻ ቀሚሷን ሰብስባ ገባችና የመፍቻውን እጀታ በውኃ ቧንቧ ቁራጭ አስረዝመን አብረን ተንጠለጠልንበት። የብሎኑ ማጥበቂያ ዳዶ ጮኸና ዞረ።

ብሎኑን መምታት ልጀምር ስል የግቢው በር ተንኳኳ። አንድ ገበሬ፣ ዳባውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ቆሟል። ከአዲስ ቅዳም ማዶ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በእግሩ ነው የመጣው። ባሌን በተሰባበረ አማርኛ ሰላም አለው። ከመኪናው ሥር ወጥቼ በአገውኛ ሰላምታ ስሰጠው ፊቱ ተፈታ። እኔ የአገው ልጅ ነኝ፤ ባሌ ግን ከአገው ምድር ውጭ የመጣ ጎጃሜ ነው፣ ቋንቋውን አይሰማም።

"እህቴ" አለኝ በአገውኛ፣ "የፈረሱ ባለቤት እኔ ነኝ። ስለ ካሳ ልከራከር አልመጣሁም። ፈረሴ እንዲፈታ ባልሽን ለምኝልኝ ብዬ ነው። እርሻው እያለፈኝ ነው።"

በዚያ አገር በፈረስም ይታረሳል። ይህ ሰው ፈረሱን ከጎረቤቱ ፈረስ ጋር እያቀናጀ ነበር የሚያርሰው። ያ ከታሰረ የጎረቤቱም ብቻውን ቆመ ማለት ነው። አባቴ ገበሬ ነበርና በሰኔ ከጥማድ አንዱን ማጣት ምን እንደሆነ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም።

"ታዲያ መንገድ ላይ ለምን ለቀቅኸው?" አልኩት።

"ማን ለቀቀው?" አለ። "ከወንዙ ማዶ መስኩ ላይ ካስማ ላይ ታስሮ ነበር። ጭቃ ሹሙ ራሱ ነው ከካስማው ፈትቶ የወሰደው። መኪናዋ ቦይ ስትገባ እኔ እርሻዬ ላይ ቆሜ አይቻታለሁ። ከፊቷ ምንም አልነበረም። እንዲያው ብቻዋን ዞረች።"

"ምን ይላል?" አለ ባሌ።

ለገበሬው ጠላ እንድትሰጠው ለጎረቤቴ ነግሬ ተመልሼ መኪናው ሥር ገባሁ። ብሎኑን በመዶሻ መታሁት፣ መታሁት፣ ወጣ። ቡሹ የለም። ያለቀ፣ የሳሳ አይደለም፤ ጭራሽ የለም። ከጎማው የቀረችው አንዲት ጥቁር ልጣጭ ስትሆን እሷም እጄ ላይ ፈረሰች። ብረቱ ብሎኑን እንደ ሸንኮራ ግጦ መሀሉን ቀጭን አድርጎታል። ይህ ብሎን በዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያዝ መኪናዋን ወደ ቦይ ለመውሰድ ፈረስ አያስፈልገውም።

ያን ጊዜ ነው ሁሉም የገባኝ። መካኒኩ ያልተጠራው እኔ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም። ሌላ ሰው ይህን ብሎን እንዳያይ ነው። "አንቺ ከማን ታንሺያለሽ" ያለኝ አፌን ሊያስይዘኝ ነው።

ብሎኑን ይዤ ወጣሁና ፊቱ ቆምኩ።

"ፈረሱን የት አየኸው?" አልኩት። አንተ ብዬ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ጎረቤቴ ጣሳውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

"አንቺ፣ ምን ነካሽ? በሰው ፊት..."

"የት አየኸው ነው የምልህ! መንገዱ ላይ ነው ወይስ ከወንዙ ማዶ?"

ብሎኑን አየ፣ ገበሬውን አየ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "መንጃ ፈቃዴን ቢነጥቁኝስ? መኪናዋ ብልሹ ናት ካልኩ ማን ሊሳፈር ይመጣል? አንቺስ ምን ትበያለሽ? የእሱ እኮ ፈረስ ነው፣ ዛሬ ነገ ይለቁታል።"

"ዛሬ ነገ! ዘሩን መቼ ሊዘራ ነው፣ በመስቀል?"

"ቀስ በይ፣ ይሰማል።"

"ይስማ! አማርኛ ባይሰማ እኔ እነግረዋለሁ!"

አዲሶቹን ቡሾች ከሳጥኑ አውጥቼ በመቀነቴ ቋጠርኳቸው። "ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመህ እውነቱን ሳትናገር እነዚህ ከወገቤ አይፈቱም። ሌላ ሰው አሠራለሁ ካልክ ጥራ፤ መጥቶ ብሎኑን ይይልህ" አልኩት። ለገበሬው በአገውኛ ሁሉንም ነገርኩት። ሰውየው ባሌን ትክ ብሎ አየውና ጠላውን ሳይጨርስ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቢሰድበው ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከገበሬው ጋር ሦስታችንም በጭነት መኪና ተሳፍረን ሄድን። ሽማግሌዎቹ ከጭቃ ሹሙ ግቢ ፊት ለፊት፣ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ንግግሩ በአገውኛ ስለሆነ የባሌ አስተርጓሚ እኔ ሆንኩ። ፈረሱ ከአጥሩ ጋር ታስሮ ይታየኛል፤ ገመዱ አንገቱን ልጦታል፣ ጎኑ ገብቷል።

ባሌ ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ። "እንግዲህ የሰው ልጅ በድንጋጤ ጊዜ የሚያየው ነገር... ምናልባት ፈረሱ ትንሽ ራቅ ብሎም ሊሆን ይችላል፤ መኪናዋም መጠነኛ ችግር ሳይኖርባት አልቀረም..." አለ።

ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ በአገውኛ፣ "ፈረሱ መንገድ ላይ አልነበረም። መኪናዬ ብልሹ መሆኗን እያወቅሁ ሰው ጫንኩባት። ዋሽቻለሁ" አልኩ።

"ያን ሁሉ በዚህች አልኩ እንዴ?" አለ ባሌ ትርጉሜ ማጠሩ ገርሞት።

"ብለሃል።"

ከሽማግሌዎቹ መሀል አማርኛ የሚሰሙ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ፈረሱ እንዲፈታ፣ ባሌም ሰው ቀጥሮ የገበሬውን ቀሪ ማሳ እንዲያሳርስ፣ የተፈነከቱትን ባልቴትም ሄዶ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደ። መንጃ ፈቃዱን ማንም አልነካበትም። ገበሬው የፈረሱን አንገት በመዳፉ ዳበሰ፣ ቁስሉን አየ፣ ይዞት ሄደ። እኔንም ባሌንም አልተሰናበተም። አልተቀየምኩትም።

ቤት ስንመለስ ቡሾቹን ከመቀነቴ ፈትቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። በቀኝ በኩል ያለው አሮጌ ቡሽ ተጣብቆ አልወጣ ሲል በጋለ ብረት አቃጥዬ አወጣሁት፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከፀጉሬ አልለቀቀም። አዲሶቹን ሳሙና ቀብቼ፣ በረጅም ብሎንና በዳዶ ቀስ እያልኩ ስቤ አስገባኋቸው። የተጋጠውንም ብሎን በሌላ ተካሁት፤ ዳዶዎቹን በመጨረሻ ያጠበቅሁት መኪናዋ በእግሯ መሬት ከቆመች በኋላ ነው፤ በአየር ላይ እንዳለች ከጠበቁ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ቶሎ ያልቃል። ባሌ በርጩማው ላይ ነበር፤ በዚያ ቀን ግን አላዘዘኝም።

ክንዱ ዳነ፣ ሥራው ቀጠለ። እርስዎ ወደ ማለት አልተመለስኩም። እሱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን ይህን ታሪክ እሱ ማውራት ጀመረ። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ጠላው ሲሞቀው፣ "እኔ ውሸት አልወድም" ይላል፤ "አንድ ጊዜ የድሃ ፈረስ ያለ ጥፋቱ ታስሮ፣ በተሰበረ ክንዴ ሄጄ፣ ሽማግሌ ፊት ቆሜ፣ ፍርዱ በእኔ ላይ ይሁን አልኩ።" እንግዶቹ "አይ፣ አንተስ የጨዋ ልጅ!" ይላሉ። እኔ ማድጋውን ይዤ ቆሜ እሰማለሁ። ብዙ ጊዜ ዝም እላለሁ፤ በእንግዳ ፊት ምን ይባላል። አንድ ፋሲካ ግን አላስቻለኝም።

"በአገውኛ ነው ወይስ በአማርኛ ያልከው?" ብዬ ጠየቅሁት።

እንግዶቹ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። ባሌ ጣሳውን አነሳና፣ "ቅጂልን እንጂ፣ ሰዉ ደርቋል" አለ።

ማድጋውን ፊቱ አስቀምጬለት ወጣሁ።