ሻሸ! አንድ ሰው የቀረው!

አዳማ ውስጥ ኬጂ ሳስተምር ጸጉሬ ሸበተ፤ ትዕግሥቴ ግን ዛሬም አላደገም። ጫጫታ ያዞረኛል፣ ሙቀቱ ያናድደኛል፣ ወንበር ሲጎተት ጥርሴን ያፋጨኛል። ሥልጠና ወስደን “ሕፃናት በጨዋታ ነው የሚማሩት፤ ጠዋት ጠዋት እንዳሻቸው ይጫወቱ” ሲባል፣ “እሰይ! ይቺ ነበረች የቀረችኝ!” ብዬ አጉረመረምኩ።

ታዲያ ምን ቢጫወቱ ጥሩ ነው? ታክሲ! የአዳማ ልጅ ሌላ ምን ይጫወታል? የላስቲክ ወንበሮቹን እንደ ሚኒባስ ይደረድራሉ። አባቱ ሹፌር የሆነ ጉንጫም ልጅ የድስት ክዳን መሪ አድርጎ ከፊት ይቀመጣል፤ በከንፈሩ ሞተር ሲያስነሳ ምራቁ አጠገቡ ያለውን ተሳፋሪ ያጥበዋል። ረዳቷ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ናት። ድምፅዋን ብትሰሙት ከመናኸሪያ ተውሳ ያመጣችው ነው የሚመስላችሁ። “ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ! ሦስት ሰው የቀረው!”

መኪናው ካልሞላ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ማን አስተማራቸው? ማንም። ከእናቶቻቸው ጋር መናኸሪያ ተቀምጠው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ መጠበቅን ያውቁታል። ረዳቷ ባዶ ወንበሮቹን አይታ ስንት ሰው እንደቀረ ስትናገር አንድም ቀን አትሳሳትም። እኔ ሰሌዳ ላይ ብርቱካን እየሳልኩ፣ ብርቱካን እያጠፋሁ፣ መቀነስን ላስገባላቸው ስንቱን ቀን ለፍቻለሁ! እነሱ ታክሲ ውስጥ አገኙት። ያን ቀን ጠመኔዬን እንደያዝኩ አየኋቸው። በእውነት ገረሙኝ።

አንዲት ልጅ ግን አትሳፈርም ነበር። እናቷ አዳማ ገበያ ልብስ ትሸጣለች፤ ልጅቷ ሻሸመኔ አያቷ ዘንድ አድጋ ገና በዚያ ዓመት መምጣቷ ነበር። ክፍል ውስጥ ቃል አልወጣትም። “አቤት” እንኳ አትልም። ሽንቷ ሲመጣ ቀሚሴን ትጎትተኛለች። ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣ የታክሲውን ጨዋታ ታያለች፣ ታያለች፣ በቃ። ልጆቹም ሰው ሲጎድላቸው በእሷ ፋንታ አሻንጉሊት አስቀምጠው ይሄዳሉ። እኔም በከረሜላ አባበልኳት፣ በዘፈን ሞከርኳት፣ አንዳንዴም ተቆጣሁ። ወይ ፍንክች!

በባህል ቀን ዋዜማ እናትየው ልትወስዳት መጣችና በር ላይ ቆመች።

“ቲቸር፣ ቤት ስትገባ አፏ አይዘጋም፤ እዚህ ግን ያው እንደሚያዩት ነው። ሰዉ ሁሉ ድዳ ናት ወይ ይለኛል። ነገ በዓሉ ሲያልቅ ሻሸመኔ አያቷ ጋ እመልሳታለሁ። እዚያ ከሰው ጋር ታወራለች። እርስዎም አይድከሙ።”

“ተይ እንጂ ልጄ፣ ትንሽ ታገሺ” አልኳት። ትዕግሥት የምትሰብከው ደግሞ እኔ!

“እኔስ ከእሷ ተለይቼ መኖር ቢያቅተኝ አይደል ያመጣኋት?” አለችና እንባዋ መጣ። ልጅቷ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ሁሉንም ሰማች። ሌሎቹም ጫማቸውን እያደረጉ ይሰሙ ነበር፤ እኔ ያንን ልብ አላልኩም።

በማግስቱ ክፍሉ አበባ መሰለ። የአርሲ ልብስ ከነጨሌው፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ የወላይታ ጥለት፣ የወሎ ሽርጥ። ወንበሮቹን ለወላጆች አሰናድቼ ዞር ከማለቴ ታክሲ አድርገዋቸው ጠበቁኝ። “ኧረ ልብሳችሁ! ኧረ ወላጆች እየመጡ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ?

“ሻሸ! ሻሸ! ሻሸ! አንድ ሰው የቀረው!” ትላለች ረዳቷ። ሻሸመኔ ማለቷ ነው፤ ሌላ ቀን ጉዟቸው ላንጋኖ ነበር፣ ለዋና።

“አሻንጉሊቷን አስቀምጫትና እንሂድ” አላት ሹፌሩ።

“አሻንጉሊት ሰው አይደለም” አለች ረዳቷ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠቆመች። “ሻሸ የምትሄደው እሷ ናት። እሷ ሳትገባ አይነሳም!”

ውይ፣ አንጀቴን በሉት! ለካ የትናንቱን ሰምተው፣ ጓደኛቸውን ራሳቸው ሊያደርሷት ነው። አንድም ቀን ጠርተዋት የማያውቁ ልጆች የመስኮቱን ቦታ ይዘውላታል። “ኮቱ፣ ነይ ግቢ!” ይላታል አንዱ። “ያላንቺ አንሄድም” ትላለች ሌላዋ። ወላጆች በር ላይ ተኮልኩለዋል፣ ዳይሬክተሯ ሰዓቷን ታሳየኛለች፣ መኪናው ቆሟል። እኔም፣ ያቺ ወንበር ሲጎተት የምታብደው፣ ከእነሱ ጋር ቆሜ ጠበቅሁ።

ልጅቷ ተነሳች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባችና በተያዘላት ቦታ ተቀመጠች።

“ሞላ! ሳበው!” አለች ረዳቷ፤ በሌለው በር ላይ “ጧ!” አድርጋ ዘጋችው። ሞተሩ ተነሳ። ምራቁ ተረጨ። ተሳፋሪው ሁሉ ወዲህና ወዲያ ይወዛወዝ ጀመር። እናትየው የደረሰችው ይሄኔ ነው፤ የልጅቷን የጉዞ ቦርሳ በእጇ እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች።

“መናኸሪያውን ወጣን!” አለ ሹፌሩ።

“ወራጅ አለ!”

ማን እንደተናገረ አላወቅሁም። ወፍራም፣ ጎርነን ያለ፣ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ነው። ሹፌሩ ፍሬኑን ያዘ፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ። ቀና ስል ልጅቷ ቆማለች።

“እዚህ ፌርማታ የለም” አለቻት ረዳቷ፣ ኮስተር ብላ። “ገና ከአዳማ አልወጣንም እኮ!”

“አውርጂኝ” አለች ልጅቷ። “ሻሸመኔ አልሄድም። አዳማ ነው የምወርደው።”

ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ፤ በዚያች ደቂቃ ግን የማውቀው ነገር ያለ አልመሰለኝም። ልጆቹ አላጨበጨቡም፣ ተናገረች ብለውም አልተደነቁም። ወራጅ ሲኖር መኪና ይቆማል፣ አለቀ! ረዳቷ በሩን ከፈተችላት፤ ልጅቷ ወርዳ በቀጥታ ወደ እናቷ ሄደች። ቦርሳው መሬት ላይ ወደቀ።

ረዳቷ ግን ሥራ ላይ ናት። ባዶዋን ወንበር አየች፣ እናትየውን አየች። “ሻሸ ነው፣ ይገባሉ? አንድ ሰው ነው የቀረን።”

እናትየው ልጇን አቅፋ፣ ፊቷን አንገቷ ሥር ሸሽጋ ነበር። “የለም የኔ ልጅ” አለቻት ረዳቷን። “እኛ አንሄድም።”

መኪናው ደግሞ ሳይሞላ አይነሳም። ወላጆቹን ይቅርታ ጠየቅሁ፣ ቀሚሴን ሰበሰብኩና ይህን ሁሉ ገላዬን ይዤ በዚያች ሚጢጢ ወንበር ላይ ገባሁ።