በራችን ላይ የቆሙት ሁለት ሰዎች

ሽማግሌውን ፍለጋ የመጡት ሁለቱ ሰዎች ልጆቻቸው ነበሩ ወይስ ደመኞቻቸው? ዛሬም አላውቅም።

መተማ ያለው የአረጋውያን ሆስፒታላችን ድሮ የሰሊጥ መጋዘን ነበር። በኋላ ለአጨዳ ከደጋ ወርደው፣ ሳይመለሱ ያረጁ የቀን ሠራተኞች ታመው የሚተኙበት ሆነ። መዝገብ የምይዘው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ ነውና ባዶ መስመር መተው ያመኛል። እኒህ የጎጃም ሽማግሌ ግን፣ «ልጄ፣ አገሬን አትጻፊ፤ የሰው ደም አለብኝ» ስላሉኝ ተውሁት።

ሁለቱ ሰዎች መጥተው ሽማግሌውን በስማቸው ጠርተው ሲጠይቁኝ፣ «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ዓመት ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ስደነግጥ ኖሬ፣ አንድ ቀን ጠዋት ለራሳቸው ለሽማግሌው ነገርኋቸው። ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«የኔ ልጅ ያነክሳል። አንደኛው ያነክስ ነበር?»

«ሲሄዱ አላየኋቸውም፣ አባባ» አልኋቸው።