ፕሬበን «ቀንድ አውጣ» ያላቸው ተማሪዎች

ፕሬበን ቶልስትሩፕ ለመምህርነት የሚያበቃው አንድ ነገር ብቻ ነበረው፤ አለማፈር። በወደብ ከተማችን ቤተ መጻሕፍት ስለምሠራ አዳራሹን የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። ድሮ ፍራሽ ይሸጥ ነበር። ቀጥሎ የቢሮ ሰዎችን አተነፋፈስ አስተማረ፤ እስከዚያ ሳይተነፍሱ የኖሩ ይመስል። ያዘዙትን ሁሉ የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲመጣ ደግሞ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ አስተማሪ ነኝ ብሎ ከተፍ አለ። ማዘጋጃ ቤቱም አምኖት የከተማውን ሰው እንዲያስተምር ቀጠረው።

በመጀመሪያው ቀን በር ላይ መጠይቅ አስሞላና ሰዉን ለሁለት ከፈለው። የማዘጋጃ ቤቱ የመምሪያ ኃላፊዎች «ንስር» ተባሉ፤ ጡረተኞቹና የዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞቹ «ቀንድ አውጣ»። ንስሮቹ ዕቅድና ሪፖርት ማስጻፍ ሲማሩ ቀንድ አውጣዎቹ ከኋላ ተቀምጠው የልደት ግጥም ያስጽፋሉ።

ግሬተ ሠላሳ ዓመት ዓሣ ስትበልት የኖረች፣ የፋብሪካው ሠራተኞች የደህንነት ተጠሪ ናት።

«እኔ ግጥም አልፈልግም» አለችው። «የፋብሪካውን የጽዳት መመሪያ አብረውን ለሚሠሩት ፖላንዶች በቋንቋቸው ማስጻፍ ነው የምፈልገው።»

«ግሬተዬ፣ እሱ ለንስሮቹ ነው። አትቸኩዪ።»

እሷም ትታው ሐሙስ ሐሙስ ከሥራ በኋላ እኔ ጋ እየመጣች ብቻዋን ትሞክር ጀመር። ማሽኑ የሚላትን ሁሉ በኬሚካሎቹ ዕቃ ላይ ከተጻፈው ጋር መስመር በመስመር ታስተያያለች። በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ የጻፈላትን መመሪያ ፊቴ ዘረጋችው። አሲዱንና ክሎሪኑን በአንድ ባልዲ ቀላቅሉ ይላል።

በቀጣዩ ትምህርት ለፕሬበን አሳየችው። ዓይኑን ጣል አደረገበትና፣ «መልሱማ ጥሩ ነው። አጻጻፉን እዪው፣ እንዴት ጥርት እንዳለ!» አላት።

«ጥርት አድርጎ ሰው ይገድላል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ መርዘኛ ጋዝ ነው የሚወጣው። ታውቅ ነበር?»

«እኔ እኮ የኬሚካል ሰው አይደለሁም።»

«የምን ሰው ነህ ታዲያ?»

ይሄኔ ከቀንድ አውጣዎቹ አንዱ፣ አክሰል፣ ጉሮሮውን ጠረገ። ዓይነ ስውር ነው፤ ፒያኖ ሲቃኝ ኖሮ ጡረታ የወጣ። የፕሬበንን የማስተማሪያ መጽሐፍ ስልኩ ጮክ ብሎ አንብቦለታል።

«ፕሬበን፣ ገጽ ስምንት ላይ ‹ከፈለግክ አሳጥሬ ልጽፍልህ እችላለሁ› ይላል። ይሄን ለኛ ነው የጻፍከው ወይስ ማሽኑ ላንተ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ንስሮቹም ሳቁ፤ ያንን መጽሐፍ ወር ሙሉ በቢጫ ቀለም ሲያሰምሩበት እንዳልከረሙ።

ፕሬበን ፊቱ ቀልቶ ወጣ፤ ግን ተጎዳ ብላችሁ አትዘኑለት። አሁን ሌላ ከተማ ውስጥ ሥራ አስኪያጆችን ፈረስ እያስመራ አመራር ያስተምራል።

ትምህርቱን ግሬተ ተረከበች። ለአክሰል በድምፅ፣ ለፖላንዶቹ በቋንቋቸው፣ ለእያንዳንዱ እንደ ሥራው ታስተምራለች። የመጀመሪያው ትምህርት ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ጠንቅቀህ የምታውቀውን ነገር ማሽኑን ጠይቅና ስህተቱን ፈልግ። ከመምሪያ ኃላፊዎቹ ሁለቱ ጠንቅቀው የሚያውቁት ነገር ስላጡ እስካሁን እሱን አላለፉም።