ላስቲኩ ያልተነሳላት መኪና

ጋሽ አስፋው አዲስ ዕቃ ሲገዙ የሚወዱት ዕቃውን ሳይሆን አዲስነቱን ነው። ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ቤታቸው ይመስክር። የቴሌቪዥኑ ሪሞት በላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው። ፍሪጁ ከሱቅ ሲመጣ በሩ ላይ የነበረው ወረቀት ዛሬም አለ። ሶፋው ከተገዛ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጨርቁን የነካ ሰው ግን የለም። ባለቤታቸው እትዬ የሺአረግ በበጋ ከሶፋው ሲነሱ ላስቲኩ ከእግራቸው ጋር ተጣብቆ ጯ ይላል። «አስፋው፣ ይህ ሶፋ የሚገለጠው ለለቅሶዬ ነው?» ይሏቸዋል። እሳቸውም «ዕቃ እንደያዙት ነው» ብለው ያልፋሉ።

አይፈረድባቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ኖረዋል። ጡረታ ሲወጡ በተደረገላቸው ሽኝት ላይ ረጅም ንግግር የጠበቀ ሰው ሁሉ ያገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «የተረከብኩትን እንደተረከብኩት አስረክቤያለሁ» አሉና ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ግን የሚያስረክቡት ሰው ባይኖርም መጠበቁን አልተዉም።

በስድሳ ሦስት ዓመታቸው የዕድሜ ልክ ምኞታቸው ደረሰና አንዲት ትንሽ ነጭ የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። መኪናዋ ከአገሯ ስትመጣ በሮቿና ኮፈኗ በስስ ላስቲክ ተሸፍነው ነበር። ሌላው ሰው ይህንን ላስቲክ ገና ከግቢ ሳይወጣ ይገሸልጠዋል። ጋሽ አስፋው ግን ጫፉ በነፋስ እንዳይነሳ በጣታቸው እየተጫኑ አጠቡት። ሰፈርተኛውም መኪናዋን «ሙሽሪት» ብሎ ሰየማት፤ ገና ዓይነ ርግቧ አልተገለጠማ!

ችግሩ የመጣው ከኮንዶሚኒየሙ መኪና ማቆሚያ ነው። ጎረቤት ሁሉ በሩን ሲከፍት ሙሽሪትን ጎኗ ላይ ያንኳኳታል። ስለዚህ ጎሮ ወዳለው ወደ ፊራኦል ሱቅ ወሰዷት። ፊራኦል የመኪና ኒኬል ይለጥፋል፤ ያ በሩ ላይ አግድም የሚሄደው የሚያብረቀርቅ ቀጭን ጌጥ ማለት ነው፤ ያሳምራል፣ ግጭትም ይከላከላል። ልጁ የአራብሳ ገበሬ ልጅ ነው፤ ያደገው አሁን ኮንዶሚኒየሞቹ በቆሙበት መንደር ነው። አባቱ ካረፉ ወዲህ ለትልቅ ነገር ሁሉ የሚያማክረው የአባቱን ጓደኛ ጋሽ አስፋውን ነው።

ያን ቀን ፊራኦል በሩን በእጁ ዳሰስ አደረገና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ላስቲኩን እናንሳው። ማስቲሹ መያዝ ያለበት ቀለሙን ነው» አለ።

«ላስቲኩን ከምታነሳ ዓይኔን ብታወጣ ይሻለኛል።»

«እሱ ላይ ከለጠፍኩት ግን…»

«አንተ ልጅ! ለጥፍ ስልህ ለጥፍ።»

ፊራኦልን ይሉኝታ ያዘው። ለአባት ጓደኛ አንዴ ይነገራል እንጂ ሁለቴ አይመለስለትም። «እሺ ጋሼ» አለና አቀርቅሮ፣ እንደማይሆን እያወቀ፣ በሚያምር አሠራር ለጠፈው።

ከወር በኋላ ፊራኦል ሌላ ጉዳይ ይዞ መጣ። ሃያ ሁለት አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ማኅደር የምትባል ልጅ ወድዷል፤ እሷም ወድዳዋለች። የቀረው ሽማግሌ መላክ ነው። ጋሽ አስፋው በደስታ ተቀበሉና ሁለት ሰው ጨመሩ፤ የልጁን አጎት አቶ ሁንዴንና የሰፈሩን ባለሱቅ ሀጂ ሱሌማንን። ሦስቱም ሃያ ሁለት ወደሚገኘው ወደ ማኅደር አባት ቤት ሄዱ። አባትየው አቶ ጸጋይ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ቃላቸውንም እንደ ጨርቅ ለክተው ነው የሚቆርጡት።

«ልጃችሁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

እዚህ ላይ የጋሽ አስፋው ምላስ ከልባቸው ቀደመች። «የመኪና ኒኬል ይለጥፋል፤ ልጃችን የለጠፈው ነገር መኪናው ያረጃል እንጂ እሱ አይለቅም! በሚቀጥለው ስንመጣ በእኔው መኪና ላይ በዓይንዎ ያዩታል።»

«መልካም። እንግዲያው አይተን እንነጋገራለን» አሉ አቶ ጸጋይ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሑድ አምስት ሰዓት ላይ ቀጠሩ። ፊራኦል ይህንን ሲሰማ ፊቱ ጥቁር አለ። ግን አሁንም ዝም አለ።

እሑድ ደረሰ። ጋሽ አስፋው ከሀጂ ሱሌማን ጋር ሆነው አቶ ሁንዴን ሊያመጡ ቱሉ ዲምቱ ድረስ ወረዱ። አቶ ሁንዴ ደግሞ ለሽምግልና የሚያምር ከዘራቸው ጠፍቶባቸው ቤቱን ሲያገላብጡ ቆዩ፤ ከዘራው የተገኘው አልጋ ሥር ነው። ተነሥተው ሲወጡ ለቀጠሮው የቀረው ሠላሳ አምስት ደቂቃ ነበር።

ጋሽ አስፋው በሕይወታቸው ከሃምሳ በላይ ነድተው አያውቁም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ነው ወጋቸው። ሀጂ ሱሌማን ግን ሰዓታቸውን እያዩ «አስፋው፣ ያንተ እንቁላል ዛሬ በእግሩ እንዲሄድ ጊዜ የለንም፤ ያረፈደ ሽማግሌ ምን ሽማግሌ ነው?» አሏቸው። ከቱሉ ዲምቱ ወደ ጎሮ የሚወስደው ሰፊ መንገድ ደግሞ እሑድ ጠዋት ባዶ ነው፤ ያስኬዳል። ሰባ ነኩ። ሰማንያ። ዘጠና አምስት ላይ ሲደርሱ ጋሽ አስፋው ራሳቸው ገርሟቸው ፈገግ አሉ፤ ልጅነት ተሰማቸው።

መጀመሪያ የመጣው ፉጨት ነው። «ማን ነው የሚያፏጨው?» አሉ አቶ ሁንዴ ከኋላ። ሀጂ ሱሌማን ስልካቸውን አውጥተው አዩ። ከዚያ በቀኝ በኩል ጠ ጠ ጠ የሚል ነገር ተነሳ። ጋሽ አስፋው እግራቸውን ከነዳጁ ሊያነሡ ሲሉ — ነዳጅ እንኳ የላትም፣ የልማድ ነገር ነው — ጧ! የፊት በሩ ኒኬል ከነላስቲኩ ተገሸለጠ። የበሩ ላስቲክ በሙሉ አብሮት ተነሥቶ በሀጂ ሱሌማን መስኮት ላይ አንዴ እንደ ባንዲራ ተውለበለበና በመንገዱ ዳር ካለው ብረት በላይ አልፎ ሣር ውስጥ ገባ።

«ያ ዋቅ!» አሉ አቶ ሁንዴ አምላካቸውን ጠርተው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!»

ደግነቱ ከኋላ የሚከተል መኪና አልነበረም። ዳር ይዘው ቆሙ። አቶ ሁንዴ ለሽምግልና ያጌጡበትን ጋቢ ሰብስበው፣ ብረቱን ተሻግረው፣ ኒኬሉን እንደ ሞፈር ትከሻቸው ላይ አድርገው ተመለሱ። የላስቲኩ ጭራ ከኋላቸው ይጎተታል። ሀጂ ሱሌማን ላለመሳቅ ጢማቸውን ያዙ፤ አልቻሉም። ጋሽ አስፋው ግን አልሳቁም። ኒኬሉን ገልብጠው አዩት።

ማስቲሹ ከኒኬሉም ከላስቲኩም አልለቀቀም ነበር። በጥፍራቸው ቢሞክሩት እንኳ ፍንክች አይልም። መኪናዋን የለቀቀው ላስቲኩ ነው። የልጁ እጅ አልዋሸም፤ የዋሹት እሳቸው ናቸው፣ ያውም በልጁ ትዳር ላይ።

«መኪናዋን ራቅ አድርገን እናቁማት፤ ማን ያያል?» አሉ አቶ ሁንዴ።

«ውሸት ይዘን የሰው ልጅ አንጠይቅም» አሉ ሀጂ ሱሌማን። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እኛው ብናጠራው ይሻላል።»

ጋሽ አስፋው ኒኬሉን መኪናዋ ውስጥ አጋደሙትና በሃምሳ እየነዱ ሃያ ሁለት ደረሱ። አሥር ደቂቃ አርፍደዋል።

ሳሎኑ ተሰናድቶ ነበር። በደንቡ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥምና ሦስቱም ቆሙ። ከወጥ ቤቱ መጋረጃ ሥር የማኅደርና የእናቷ የወይዘሮ ትበርህ ጫማ ይታያል።

«አቶ ጸጋይ» አሉ ጋሽ አስፋው። «ከጉዳያችን በፊት የምናገረው አለኝ። ያ የኮራሁበት ሥራ ዛሬ መንገድ ላይ ወደቀ። ይኸውና።» ኒኬሉን ከነላስቲኩ ዘረጉላቸው። «ጥፋቱ ግን የእኔ ነው። ልጁ ላስቲኩ ይነሳ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ ብዬ አዘዝኩት። እሱ የያዘውን አለቀቀም። የማይያዝ ነገር ያስያዝኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ጸጋይ ኒኬሉን ተቀብለው ልክ እንደ ስፌት ዳር ዳሩን መረመሩት። ከዚያ ቀና አሉ።

«በጉብዝናዬ አንድ ትልቅ ሰው ‹ሱሪውን አሳጥረው› አሉኝ። እንደሚያጥር እያወቅሁ ይሉኝታ ይዞኝ ቆረጥኩት። በልጃቸው ሰርግ ላይ ካልሲያቸው እየታየ ዞሩ። ሰው ታዲያ ‹ማን ሰፋው?› አለ እንጂ ‹ማን አዘዘው?› ያለ የለም። ስለዚህ ልጃችሁ ጥፋት አለበት። አይሆንም ማለት ነበረበት። ልጄን የምሰጠው ሰው፣ እኔንም ቢሆን፣ አይሆንም ማለት ካልቻለ ነገ ቤቱን በምን ያቆመዋል?»

ከመጋረጃው ሥር አንደኛው ጥንድ ጫማ ወደ ፊት አንድ እርምጃ መጣ።

«ይደውሉለት» አሉ አቶ ጸጋይ። «ያኔ እንዳዘዙት አሁንም ይዘዙት። እኛ እንደምንሰማ ግን አይንገሩት።»

ጋሽ አስፋው ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። ፊራኦል የመጀመሪያው ጥሪ ሳያልቅ አነሳ።

«ጋሼ! ምን አሉ?»

«ገና ነው። ያ ኒኬል መንገድ ላይ ወልቆ በረረ።»

«ሰው ተጎዳ?»

«የለም።»

«ተመስገን።»

«አሁን ቶሎ ና፣ አቶ ጸጋይ ሳያዩት መልሰህ ለጥፍልኝ። እዚያው ላስቲኩ ላይ።»

ጋሽ አስፋው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከበታቻቸው ሰው ሁሉ «እሺ»ን ሲጠብቁ ኖረዋል። አሁን ግን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ልጅ እምቢ እንዲላቸው በሆዳቸው ይጸልዩ ነበር። በል እንጂ ልጄ፣ በል!

«ጋሼ…» አለ ፊራኦል፤ ድምፁ ወረደ። «ይቅር ይበሉኝ። አልለጥፍም።»

«ምን አልክ?»

«ላስቲኩ ካልተነሳ አልለጥፍም። ያኔም እምቢ ማለት ነበረብኝ። ሰው ላይ ወድቆ ቢሆንስ? ለአቶ ጸጋይም ወደቀ ብለው ይንገሯቸው።»

«ልጃቸውን ቢከለክሉህስ?»

«ያመኛል ጋሼ። ግን በውሸት አግኝቻት ዕድሜዬን ሙሉ ይወልቅብኛል ብዬ ከምፈራ ይሻለኛል።»

እልልታው የመጣው ከወጥ ቤት ነው። ወይዘሮ ትበርህ ባላቸውን እንኳ አልጠበቁም። ስልኩ ውስጥ ፊራኦል «ጋሼ? ምንድን ነው? ማን ነው?» እያለ ይጮሃል፤ የሚመልስለት ጠፋ። አቶ ጸጋይ ፊታቸው እንዳይታይ ዞር ብለው ወንበሮቹን ማስተካከል ጀመሩ።

«ተቀመጡ እንጂ! እስከ መቼ ትቆማላችሁ?»

ከዚህ ወዲያ ሌላ መልስ አልተጠየቀም።

ፊራኦል ማስቲሹን ይዞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከተፍ አለ። አመጣጡ ሊለጥፍ ይሁን ማኅደርን ሊያይ ማንም አልጠየቀውም። ጋሽ አስፋው ግን ማንንም ሳያስነኩ የቀረውን ላስቲክ ራሳቸው ያዙት። ጫፉን አንሥተው ሳቡት። ሽርርርር! ሌላውን በር። ሽርርርር! አቶ ሁንዴና ሀጂ ሱሌማን የኮፈኑን ላስቲክ በሁለት በኩል ያዙላቸው። ሙሽሪት እንደተላጠ የተቀቀለ እንቁላል ነጭ ብላ ወጣች። መንገደኛው ቆሞ አጨበጨበ፤ ጋሽ አስፋውም ሳያውቁት እንደ ልጅ ሳቁ።

ፊራኦል ኒኬሎቹን ሁሉ ከአሮጌው ላስቲክ ፍቆ አጽድቶ በባዶው ቀለም ላይ ለጠፋቸው። ጋሽ አስፋው ቁልፋቸውን አወጡ።

«አይሆንም ጋሼ» አለ ፊራኦል። «ሳይደርቅ አይንዷትም። እስከ ነገ እዚሁ ትደር።»

ጋሽ አስፋው ማኅደርን አዩ፣ አቶ ጸጋይን አዩ። «ሰማችሁ? ዛሬ ሁለተኛው ነው፤ ልጁን አበላሻችሁብኝ!» ብለው ቁልፉን ለአቶ ጸጋይ ሰጡ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች የሚያቃጥለው ፀሐይ ላይ ታክሲ ሊጠብቁ ወጡ። ሚኒባሱ ውስጥ ሦስት ሰው በሚቀመጥበት ከሌላ ተሳፋሪ ጋር አራት ሆነው ሲጣበቡ ጋሽ አስፋው ስልካቸውን አውጥተው ቤታቸው ደወሉ።

«የሺ፣ ሰጡን!»

«ተመስገን! እሰይ!»

«አንድ ነገር ልዘዝሽ። ሶፋውን ግለጪው።»

«አስፋው፣ ደህና ነህ?»

ቤት ሲደርሱ በሩ ተከፍቶ ነበር። ላስቲኩ ታጥፎ ጥግ ላይ ተቀምጧል። እትዬ የሺአረግ ሶፋው ላይ እግራቸውን ሰብስበው ጨርቁን በመዳፋቸው ወደ ላይም ወደ ታችም ይደባብሱታል። አረንጓዴ ነው፤ ላስቲኩ አደብዝዞት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግራጫ ሲመስላቸው ኖሯል።

ጋሽ አስፋው በሩ ላይ ቆመው አዩአቸው። ሚስታቸውም አጠገባቸው ያለውን ቦታ መታ መታ አደረጉላቸው።

«ና ተቀመጥ እንጂ፤ እንግዳ ሆንክብኝ።»