ሣልሱ ሰማያዊ

በቀደም ደባርቅ የምሠራበት ቢሮ አሮጌ ዕቃ ሲወገድ፣ አንዲት ወጣት ባልደረባዬ ወፍራም የስክሪን ገመድ አንስታ የምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን የነበረው ኮምፒዩተር አንድ ብቻ ነው። እሱንም የጎረቤት ከተማ የዳባት ትምህርት ቤት ተማሪዎች አጥብቀው ይፈልጉት ነበር። አንድ የመስከረም ጠዋት ገመዱ አንድ ተማሪ ጠልፎ ጣለና ሦስቱ የቀለም ሽቦዎች ከመሰኪያው ተነቀሉ። እንደ ክፉ ዕድል፣ ያን ዕለት ከዞን የመጡ ኃላፊ ኮምፒዩተሩ እስከ ምሳ ካልተጠገነ ወስደው ለዳባት ትምህርት ቤት እንደሚሰጡት ተናገሩ።

የኮምፒዩተር ክበቡ ሰብሳቢ እኔ ነበርኩ። መምህራችን ከሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ተውሶ መጣና የመሰኪያውን ሥዕል አሳየኝ፤ ሽቦ የሚበየድባቸው መርፌ መሳይ ፒኖቹ አምስት አምስት ሆነው በሦስት ረድፍ ተደርድረዋል። አባቴ የደረስጌ ቄስ ስለነበሩ ፊደል የቆጠርኩት እሳቸው ዘንድ ነው። ሳድስና ሳብዕ ቢጎድለውም የላይኛውን ረድፍ በዚያው ያዝኩት፤ ግእዝ ቀይ፣ ካዕብ አረንጓዴ፣ ሣልስ ሰማያዊ። ፊደል ደግሞ ከግራ ይጀምራል። ከግራ ጀምሬ በየድኩ።

ሲበራ ስክሪኑ ላይ ያለው ጽሑፍም የአበባ ሜዳ ሥዕልም ሰማያዊ ብቻ ሆነ። ኃላፊው ሾፌሩ እንዲጠራ አዘዙ።

ሰማያዊው ብቻ ለምን ዳነ? ሣልስ ከአምስቱ መካከል ነው፤ ከግራም ከቀኝም ቢቆጠር ቦታው አይለወጥም። ያን ጊዜ ገባኝ።

"ቲቸር፣ ሥዕሉ የፊቱ ነው፤ እኔ የበየድኩት ከጀርባው። ግእዙ በቀኝ ነው" አልኩት። ወደ ኃላፊው ዞሬም "ጋሼ፣ ጥቂት ይታገሡኝ" አልኩ።

"ሾፌሩ እስኪመጣ" አሉ።

ቀዩንና አረንጓዴውን ነቅዬ በቀኝ በኩል በየድኳቸው። ስሰካው ስክሪኑ ላይ ያለው ሜዳ አረንጓዴ፣ አበባው ቀይ ሆነ። ክፍሉ በእልልታ ተናጋ። ኃላፊውም ሳቁ፤ መኪናቸው ባዶዋን ተመለሰች። እኔ ደግሞ ቤቴ እስክደርስ መሬት የረገጥኩ አልመሰለኝም።

ባለቤቴ የዳባት ልጅ ነው። ያን ቀን ክፍል ጠርገው፣ ጠረጴዛ አዘጋጅተው ኮምፒዩተሩን ሲጠብቁ ከዋሉት ተማሪዎች አንዱ እሱ ነበር። እስከዛሬ "ቀማችሁን" ይለኛል። ከልቤ አዝንለታለሁ። ዛሬም ቢሆን ግን መልሼ እቀማው ነበር።