ጭቃው ላይ የተነሳሁ ዕለት

በጋ ሲገባ እሑድ እሑድ ከዚህ ከፌርፋክስ ለምን እንደምጠፋ ትጠይቁኛላችሁ። አደን ላይ ነኝ! ሳቁ፣ ግድ የለም። የማድነው ጥንዚዛ ነው፤ መሣሪያዬም ካሜራ። ታይገር ቢትል የሚሉትን ጥንዚዛ ያላየ ሰው ግን አዳኝ አይቻለሁ አይበል። ቁመቱ ከጥፍሬ አይበልጥም፤ እግሩ ቀጭንና ረጅም፣ ዓይኑ የፈጠጠ፣ መንጋጋው እንደ ማጭድ የተቆለመመ። ፀሐይ ሲያርፍበት ጀርባው አረንጓዴ ያብለጨልጫል።

አደኑን ያስተማሩኝ ጋሼ ታደሰ ናቸው፤ ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው። ያን ቀን ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንደለበሱ ይዣቸው ድራይቭ አደረግሁ፤ ባሕሩ ሲሸሽ ጭቃው ወደሚገለጥበት ጨዋማ ረግረግ። ፓርክ አድርጌ፣ እሳቸው ቀስ ስለሚሉ ቀደምኳቸው።

ጥንዚዛው ጥላ ካየ ብን ይላል። ሶ፣ ፊቴን ወደ ፀሐይ አዙሬ ጭቃው ላይ በሆዴ ተሳብኩ። አገኘሁት! ዝንብ አይቶ ይፈተለካል፣ ድንገት ቀጥ ይላል፣ እንደገና ይፈተለካል። ለምን ይቆማል? ጋሼ እንደነገሩኝ፣ ሩጫው ከዓይኑ ይቀድማል፤ እየሮጠ ስለማያይ ቆሞ ነው ዝንቡን የሚፈልገው። ይገርማል እኮ።

ካሜራዬን ሳስተካክል ጋሼ ከኋላዬ ደረቁ ዳር ደረሱ። ሽማግሌ ቆሞ እንዴት እጋደማለሁ? «ኖር!» ብዬ ብድግ! ተኝቼ የተሸከመኝ ጭቃ ስቆምበት ዋጠኝ። እስከ ጭኔ ገባሁ። በታገልኩ ቁጥር ወደ ታች ነው። ባሕሩ ደግሞ መመለስ ጀምሯል፤ ውሃው እየተሳበ መጥቶ ዙሪያዬን ከበበኝ። ስልኬ መኪና ውስጥ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሞት ታየኝ።

ጋሼ «ተኛ! በጀርባህ ተኛ!» አሉኝ። እሳቸውም ያን የመሰለ ንጹሕ ነጠላ እንደ ገመድ ጠምዝዘው፣ ጭቃው ላይ በሆዳቸው ተዘረጉ። ተንጋለልኩና ጫፉን ያዝኩ። እግሬን ቀስ እያልኩ ስነቀንቅ፣ እሳቸው ሲስቡ፣ አንዱ ጫማውን ትቶ ወጣ፤ ሌላውም ተከተለ።

ደረቁ ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ጭቃ ብቻ ነን። ጋሼ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቀው፣ «ስማ፣ ሁለተኛ እዚህ ብትነሳልኝ እረግምሃለሁ» አሉኝ።

አዳኝ ከአውሬው በፊት መሬቱን ይወቅ፤ ይህን ከዚያ ቀን ተምሬአለሁ። የሽማግሌ እርግማን ደግሞ ቀልድ አይደለም። አሁን ጋሼ ሲመጡ እንደተጋደምኩ አንገቴን ብቻ ዝቅ አድርጌ ሰላም እላቸዋለሁ። እሳቸውም ነጠላቸውን ሰብስበው አጠገቤ ይጋደማሉ።