የጠዋት እጣቢ

በ2017 ዓ.ም. ሰባ አራት ዓመቴ ነበር። ኅዳር ላይ ሚስቴ ኮምቦልቻ፣ ልጃችን ቤት ወረደች። የደሴ ብርድ ደረቷን ይዞ አላስተነፍስ ሲላት ሐኪሙ ሞቅ ያለ አገር ትቀመጥ አለ። “ና አብረን እንውረድ” ብትለኝ “ቤቱን ለማን ጥዬ?” አልኳት። ዕድሜዬን በግንበኝነት የኖርኩ ነኝ፤ በእጄ የሠራሁትን ቤት ዘግቼ የሰው ቤት አልቀመጥም። ለገና ትመለሳለች ብዬም ነበር። ገና አለፈ፣ አልመጣችም።

ቤቱ ጭር አለብኝ። ምን እንደጎደለው እንኳ ለይቼ አላውቅም፤ ብቻ የሆነ ነገር ጎድሎታል። ራዲዮ ብከፍትም ያው ነው። አልጋው ላይ የእሷን ቦታ ትቼ ጠርዝ ላይ እተኛለሁ።

ሽንት ቤቱም እሷ ከሄደች ወዲህ መሽተት ጀመረ። መቀመጫው ቤቱን ስሠራ የገባ አሮጌ ነው፤ ሸቶ ግን አያውቅም። ሳየው፣ ድሮ ከፍ ብሎ የሚቆመው ውሃ ታች ጉሮሮው ላይ ትንሽ ቀርቷል። የጉድጓዱን ሽታ የሚያፍነው እኮ እሱ ውሃ ነው።

ለሚስቴ ደወልኩላት። “ልመጣ ነበር፣ ሽንት ቤቱ ተበላሸ። ሳላበጀው ከዚህ አልነቃነቅም” አልኳት።

“አንተ ሰውዬ፣ ምክንያት አያልቅብህ! ካበጀኸው ትወርዳለህ?”

“እወርዳለሁ።”

“ለመቀመጥ ነው ለመጠየቅ?”

“መጀመሪያ ላብጀው” አልኳት። እሷም ስልኩን ዘጋችው።

የቧንቧ ሠራተኛ አልጠራሁም። መቀመጫው ተሰንጥቆ እንደሆነ ብዬ ወለሉን አደረቅሁና ዙሪያውን ካርቶን አነጠፍኩ። መታጠቢያው ጥግ በተቀመጠችው የእሷ ጆግ ውሃ ሞላሁበትና ሳልነካው አደርኩ። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ነው፣ ውሃውም ንቅንቅ አላለም። አያፈስም ማለት ነው። እጀታውን ስስበው ግን ውሃው ተጠርጎ ሄደ፤ ከኋላ ያለው ሳጥን እየጮኸ ሞላ፣ መቀመጫው ግን እንደጎደለ ቀረ። ደግሜ ደወልኩ።

“ይሄ ነገር ውሃ መሙላት ያቆመው መቼ ነው?”

ሳቀች፤ ሳቁ ሳል ሆነባት። “ዛሬ ነው ያወቅኸው? ከተበላሸማ ስንት ዓመቱ!”

“ታዲያ ሁልጊዜ ሙሉ የነበረው?”

“እኔ ነኛ! ጠዋት አንተ ስትወጣ እየገባሁ የታጠብኩበትን እጣቢ በጆግ እሞላበት ነበር፤ ቀንም እጀታውን በሳብክ ቁጥር እንደዚያው። ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ምን አነሰው?”

“ምነው ሳትነግሪኝ?”

“ብነግርህ ግድግዳውን ሁሉ ታፈርሰው ነበራ። ይልቅ ጆጌን እንዳትሰብራት፤ ክዳን ያላት እሷ ብቻ ናት።”

ስልኩን ዘጋሁት። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ጫማዬን ሳስር ከውስጥ ውሃ ሲወርድ እሰማ ነበር። ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይወርዳል። ስትታጠብ ነው ብዬ ጆሮም አልሰጠውም። ለካ የጎደለኝ እሱ ኖሯል።

የሳጥኑን ክዳን አነሳሁ። ውስጡ የቆመ ቧንቧ አለ፤ ሳጥኑ ሲሞላ አንዲት ቀጭን የላስቲክ ቱቦ በእሱ በኩል ወደ መቀመጫው ውሃ ታወርዳለች። ቱቦዋ ደርቃ ከአፉ ወጥታለች፤ ውሃዋን እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ትተፋለች። የደረቀውን ጫፍ በቢላ ቆረጥኩ፣ ወደ ቧንቧው መለስኳት፣ በሽቦ አሰርኳት። እጀታውን ሳብኩ። ውሃው ከፍ ከፍ ብሎ ድሮ የሚቆምበት፣ ቢጫ መስመር የሠራበት ቦታ ደረሰና ቆመ።

ይኸው ነው ሥራው። ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። አሁን ምን ብዬ እቀራለሁ? አልተበጀም ብላት የሚያጋልጠኝ የለም። ሽታው ጠፋ፣ ውሃው ሞላ፣ ቤቱ ግን ያው ጭር እንዳለ ነው። በራሱ የሚሞላ ሽንት ቤት ይዤ ብቻዬን ምን ልሆን ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት የውሃውን መስመር ከቆጣሪው ዘጋሁ፤ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤቴ ሰጠሁት። “መቼ ይመለሳሉ ጋሼ?” ቢለኝ “ቤቱን አከራየው” አልኩት። ጆጓን ከነክዳኗ በፌስታል ይዤ የኮምቦልቻ ሚኒባስ ገባሁ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሞቀኝና ካፖርቴን አወለቅሁ፤ ጆጓን ግን ከጭኔ አላወረድኳትም።